የፍሬ ዝንብ ተከላካይ ሴሎችና የሽፋናቸው ፕሮቲኖች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በፍሬ ዝንቧ በድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር ላይ መሥራት ለጀመሩ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች የተዘጋጀ ነው። መጀመሪያ ያሉት ጥያቄዎች ፕሮቲኖቹ ምን እንደሚሠሩ፣ ቀጥለው ያሉት ደግሞ ሙከራው እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚበላሽ ይመለከታሉ። አንድን የሽፋን ፕሮቲን (በሴሉ ውጫዊ ሽፋን ላይ የተቀመጠ ፕሮቲን) አጥፍቶ የሴሉ ሥራ ሲጎድል ማየት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የጎደለው መያዙ ይሁን መዋጡ፣ ወይስ ሴሉ ከነጭራሹ በቦታው የለም የሚለውን መለየት ነው።

ይህቺ ዝንብ ማንጎ የምታበላሸዋ ናት?

አይደለችም። ማንጎ ውስጥ እንቁላሏን የምትጥለው ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ ናት፤ የሌላ ቤተሰብ ዝንብ ናት፣ በመጠንም ትበልጣለች። ድሮሶፊላ ርዝመቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ የበሰበሰ ሙዝና የጠላ ጋን አካባቢ የምታንዣብበዋ ናት። የሚስባትም በዋናነት ፍሬው ላይ የሚራባው እርሾ ነው።

ስንት ዓይነት ተከላካይ ሴል አላት?

በጥቅሉ ሄሞሳይት የሚባሉ ሦስት ዓይነት ሴሎች አሏት። 95 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ፕላዝማቶሳይት ናቸው፤ ባክቴሪያና የሞተ ሴል የሚውጡት እነሱ ናቸው። 5 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ክሪስታል ሴሎች ሲፈነዱ ቁስልን የሚያጠቁረውን ሜላኒን የሚያስጀምሩ ኢንዛይሞች ይለቃሉ። ሦስተኛው ላሜሎሳይት ነው። ሰፊና ጠፍጣፋ ሴል ሲሆን በጤነኛ እጭ ውስጥ ከሞላ ጎደል አይገኝም፤ ጥገኛ ተርብ እንቁላሏን እጩ ውስጥ ስትጥል ግን በብዛት ይወጣል።

በሽል ውስጥ ከ600 እስከ 700 የሚደርሱ ፕላዝማቶሳይቶች ከጭንቅላት ክፍል ተነሥተው መላ ሰውነትን ያዳርሳሉ። ዝንቧ ቢ ሴልም ሆነ ቲ ሴል የላትም፤ አንቲቦዲም አትሠራም። ስለዚህ «ይህ የኔ ነው፣ ይህ ባዕድ ነው» የሚለው ፍርድ የሚያርፈው በዘር በተወረሱ የሽፋን ፕሮቲኖችና በደሟ ውስጥ በሚንሳፈፉ ፕሮቲኖች ላይ ብቻ ነው። ዲስካም1 የሚባለው ጂን አርኤንኤውን በተለያየ መንገድ እየቆራረጠና እየገጣጠመ እስከ 38,016 የሚደርሱ የፕሮቲን ቅርጾች ማውጣት ይችላል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ሄሞሳይት ውስጥም ይገኛሉ። ይህን ከአንቲቦዲ ጋር እኩል አድርጎ ማቅረብ ግን ማጋነን ነው።

ባክቴሪያን የሚለዩት የትኞቹ ናቸው?

መዋጥንና ማንቂያ መላክን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ለመዋጥ ዋናዎቹ ኢተርና ኒምሲ1 ናቸው። ሁለቱም የኒምሮድ ቤተሰብ አባላት ሲሆኑ ከሴሉ ውጭ የሚዘረጋው ክፍላቸው ኢጂኤፍ የተባለውን የእድገት ፕሮቲን በሚመስሉ ተደጋጋሚ ክፍሎች የተሠራ ነው። ኢተር ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስን መዋጥ ክፉኛ ይቀንሳል፤ ኢ. ኮላይን መዋጥ ግን ብዙም አይነካም። ኒምሲ1 ለብቻው ሲጠፋ ባክቴሪያ መዋጥ አይጎድልም፤ የላቴክስ ዶቃና የዛይሞሳን (የእርሾ ግድግዳ ቅንጣት) አወሳሰድ ግን ይቀንሳል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲጠፉ ግራም ፖዘቲቩንም (እንደ ስታፊሎኮከስ ያለውን) ግራም ኔጋቲቩንም (እንደ ኢ. ኮላይ ያለውን) ባክቴሪያ መዋጥ ይወድቃል። አንድ ጂን አጥፍተው ለውጥ ካላዩ «ሥራ የለውም» ብለው አይዝጉት፤ ጎረቤቱ እየሸፈነለት ሊሆን ይችላል።

ማንቂያውን በተመለከተ ፒጂአርፒ-ኤልሲ ሽፋን ላይ ተቀምጦ ዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ ያለበትን ፔፕቲዶግላይካን (የባክቴሪያ ግድግዳ ክፍል)፣ በተለይም የግራም ኔጋቲቮቹን፣ ራሱ ይይዛል። ከዚያ አይኤምዲ የሚባለው መስመር ተነሥቶ እንደ ዲፕቴሪሲን ያሉ ፀረ ተሕዋስያን ፔፕታይዶች ይመረታሉ። ይህ በአብዛኛው የሚከናወነው የስብ አካል በሚባለው ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ስለሆነ የዲፕቴሪሲን መጠን መውረድ ስለ ሄሞሳይት በቀጥታ አይናገርም።

ቶል የሚባለው የሽፋን ተቀባይስ ባክቴሪያን በቀጥታ ይነካል?

በዝንብ አይነካም። ከሰው ቶል መሰል ተቀባዮች ጋር እያምታቱ ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። በዝንቧ ደም ውስጥ ያሉ ለዪ ፕሮቲኖች መጀመሪያ ፈንገሱን ወይም ግራም ፖዘቲቩን ባክቴሪያ ያገኛሉ። ከዚያ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች በተራ ይነቃቃሉ፤ በመጨረሻ ስፔትዝል ይቆረጥና የተቆረጠው ስፔትዝል ቶል ላይ ይጣበቃል። ቶል መጀመሪያ የታወቀው ሽሉ ሆድና ጀርባውን እንዲለይ በማድረጉ ነበር፤ ከፈንገስ እንደሚከላከል የታየው በ1996 ነው። ጁል ሆፍማን ከብሩስ በትለርና ከራልፍ ስታይንማን ጋር በ2011 የኖቤል ሽልማት የተጋሩበት ሥራ ውስጥ ይህ ግኝት አለ።

የሞተ ሴልን ማጽዳት ከበሽታ መከላከል ጋር ምን አገናኘው?

ሽል ሲያድግ ብዙ ሴሎች በፕሮግራም ይሞታሉ፤ ሄሞሳይቶች የመጀመሪያ ሥራቸው እነሱን መልቀም ነው። ሲሙ የሚባለው ተቀባይ በሟቹ ሴል ላይ ወደ ውጭ የተገለበጠውን ፎስፋቲዲልሴሪን የተባለ የሽፋን ስብ ይይዛል፤ ወደ ሴሉ ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ጭራ ግን የለውም። ድሬፐር የሚባለው ሌላው ተቀባይ ጭራ አለው፤ ሰርክ42ኤ እና ሻርክ የተባሉ ካይኔዞች (ፎስፌት የሚለጥፉ ኢንዛይሞች) እዚያ ላይ ይሠራሉ። ሲሙ ሲጎድል ሴሉ ሟቹን መያዝ ያቅተዋል። ድሬፐር ሲጎድል ግን፣ በተለይ በነርቭ ሥርዓት ደጋፊ ሴሎች (ግሊያ) ላይ እንደታየው፣ የተዋጠው ሬሳ ሳይፈጭ ይቀራል። በማይክሮስኮፕ ሁለቱም «ብዙ የሞተ ሴል» ሆነው ይታያሉ። ልዩነቱ የሚለየው ሬሳው ከሄሞሳይቱ ውጭ ነው ወይስ ውስጥ ብለው ሲያዩ ነው። ክሮክሞር የሲዲ36 ቤተሰብ ነው፤ እሱም በመዋጥና የተዋጠው ከረጢት በሚበስልበት ደረጃ ይሳተፋል።

ከበሽታ መከላከል ጋር የሚያያይዘው ደግሞ ይህ ነው። በ2016 የወጣ ሥራ እንዳሳየው የመጀመሪያውን ሬሳ የዋጠ ሄሞሳይት ውስጥ ካልሲየም ይፈነጥቃል፤ ይህ ጄኤንኬ የሚባለውን የመልእክት መስመር ያስነሣና ሴሉ ላይ ድሬፐር ይጨምራል። ድሬፐር የጨመረለት ሴል በኋላ ወደ ቁስል ይሄዳል፣ ኢ. ኮላይንም ይውጣል። የሴል ሞት በጂን በታገደበት ሽል ውስጥ ግን ሄሞሳይቱ ቁስል አጠገቡ ቢከፈትም አይነቃነቅም። እዚህ ላይ የሽፋን ፕሮቲን መጠን የሴሉ ትዝታ ሆኖ ያገለግላል። በሙከራ ረገድም ትርጉም አለው፤ የሞት መጠንን የሚቀይር ማንኛውም ሚውቴሽን ሄሞሳይቱን ሳይነካ ሥራውን ሊቀይር ይችላል።

ሴሎቹ የሚሰደዱትና የሚጣበቁት በምንድን ነው?

ፒቪአር የሚባለው ተቀባይ የሰው ፒዲጂኤፍና ቪኢጂኤፍ ተቀባዮች ዘመድ ነው። ሲጠፋ የሽሉ ሄሞሳይቶች ጭንቅላት አካባቢ ተከማችተው ይቀራሉ። ለረጅም ጊዜ ይህ የስደት ችግር ተደርጎ ይነበብ ነበር። በ2004 ነገሩ ሲመረመር ብዙዎቹ ሴሎች እየሞቱ፣ የተረፉትም እርስ በርስ እየተዋዋጡ መሆናቸው ታየ። ሞትን የሚያግደው ፒ35 በሄሞሳይቶቹ ውስጥ ብቻ ሲገለጥ ሴሎቹ ተረፉ፤ ስደቱም በከፊል ተመለሰ።

ኢንቴግሪን የሚባሉ የሽፋን ፕሮቲኖች ደግሞ ሴሉን ካረፈበት ገጽ ጋር ያያይዛሉ። ማዮስፌሮይድ የሚባለው የቤታ ክፍል ለመሰደድም ሆነ ላሜሎሳይቶች የተርብ እንቁላልን ለመክበብ ያስፈልጋል። ቤታ-ኑ የሚባለው ሌላኛው ደግሞ በመዋጥ ይሳተፋል።

ራሱ ሽፋኑ ላይ ሳይሆን ሥራውን በሽፋን በኩል የሚያሳይ ፕሮቲንም አለ። ሚነርቫ ሴሉ ውስጥ ባሉ ከረጢቶች ላይ የሚገኝ አጓጓዥ መሳይ ፕሮቲን ነው፤ ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ የሚለጠፈውን ስኳር ይቆጣጠራል። ሲጎድል ሄሞሳይቶች የሽሉ ጅራት በኩል ባለው ሕብረ ሕዋስ ደጃፍ ላይ ይቆማሉ፤ መግባት ያቅታቸዋል።

ለተርብ ሙከራ የትኛዋን ተርብ ልጠቀም?

ሌፕቶፒሊና ቡላርዲ። ሁለተኛ ደረጃ እጮችን ለ2 ሰዓት ያህል ለተርቦቹ አጋልጠው ተርቦቹን ያውጡ። ከ48 ሰዓት ጀምሮ ላሜሎሳይት፣ በ72 ሰዓት አካባቢ የጠቆረ ቋጠሮ ይጠብቁ። ሌፕቶፒሊና ሄተሮቶማን በስሕተት ከተጠቀሙ በመርዟ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ላሜሎሳይቶችን ስለሚፈጁ ማነጻጸሪያዎም «መክበብ ያቃተው» ይመስላል።

ጂኑን በሄሞሳይት ብቻ እንዴት ላጥፋ?

በጋል4 እና ዩኤኤስ ሥርዓት (ጋል4 በተመረጠው ሴል ውስጥ ይገለጥና ከዩኤኤስ ቀጥሎ ያለውን ያሠራል) አርኤንኤአይ መስመር፣ ማለትም የጂኑን አርኤንኤ የሚያጠፋ የዝንብ መስመር፣ ይነዳሉ። ለእጭ የሚመረጠው ሄሞሌክቲን-ዴልታ-ጋል4 ነው፤ በሽል ላይ ደካማ ስለሆነ ለሽል የሰርፐንት የሄሞሳይት ነጂ ይሻላል። ሲጂ-ጋል4 ጠንካራ ነው፣ ግን የስብ አካልንም ይነዳል። ስለ ሄሞሳይት ብቻ መናገር ከፈለጉ አይምረጡት። ጋል4 በሙቀት ይበረታል፤ 25 ዲግሪ ላይ ደካማ ውጤት ካዩ 29 ላይ ይሞክሩ፣ ማነጻጸሪያውንም አብረው ወደ 29 ያዙሩት። እድገትን ሳይነኩ ዘግይተው ማጥፋት ከፈለጉ ጋል4ን የሚያግደውን፣ ሙቀት የሚያውቀውን ጋል80 ጨምረው በ18 ያሳድጉና ወደ 29 ያዛውሩ። የነበረው ፕሮቲን ሽፋኑ ላይ ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል በማግሥቱ ውጤት አይጠብቁ።

መዋጥን እንዴት ልለካ?

ሦስተኛ ደረጃ ላይ ደርሰው ከምግቡ ወጥተው ግድግዳ መውጣት የጀመሩ 5 እጮችን በፒቢኤስ (የጨው መፍትሔ) ያጥቡ። 50 ማይክሮ ሊትር ገደማ የሽናይደር ሚዲየም (የዝንብ ሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ) ስላይድ ላይ ያድርጉ፤ ፌኒልታዮዩሪያ ይጨምሩበት፣ አለዚያ ክሪስታል ሴሎች ፈንድተው ጠብታውን ያጠቁሩታል። በሁለት ወረንጦ ቆዳውን ከኋላ በኩል ይቅደዱና ደሙ እንዲፈስ ያድርጉ። አንጀት ከተቀደደ እርሾና ባክቴሪያ ስለሚወጣ ያ ናሙና ይጣል። ሴሎቹ እስኪቀመጡ 10 ደቂቃ ያህል ይጠብቁና አረንጓዴ የሚያበሩ የተገደሉ ባክቴሪያዎች ይጨምሩ፤ በ25 ዲግሪ 30 ደቂቃ ያቆዩ። ቀጥሎ ትራይፓን ብሉ ይጨምሩ። ቀለሙ ሕያው ሴል ውስጥ ስለማይገባ ውጭ የተጣበቁትን ባክቴሪያዎች ብርሃን ብቻ ያጠፋል፤ የሚቀረው አረንጓዴ የተዋጠው ነው። አጥበው በ4 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ ለ15 ደቂቃ ባሉበት ያጽኑና (ፊክስ ያድርጉና) ኒውክሊየሱን ይቅለሙ።

ሁለት ተጓዳኝ ናሙናዎች ከሌሉ ቁጥሩ ብዙ አያወራም። አንደኛው በበረዶ ላይ የሚቆየው ነው፤ በቅዝቃዜ ሴሉ ይይዛል እንጂ አይውጥም። ይህኛው ናሙና ትራይፓን ብሉ ሳይደረግበት ይቆጠራል። ፕሮቲንዎ ሲጠፋ በበረዶ ላይም የተጣበቀው ከቀነሰ ችግሩ መያዝ ላይ ነው፤ በበረዶ ላይ እኩል ሆኖ በ25 ከቀነሰ መዋጥ ላይ ነው። ሁለተኛው ሳይቶካላሲን ዲ የተጨመረበት ናሙና ነው፤ አክቲንን ስለሚያፈርስ መዋጥ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ካልሆነ ትራይፓን ብሉው ሥራውን አልሠራም።

ቁጥሩን እንደ ፋጎሳይቲክ ኢንዴክስ ያቅርቡ፤ የዋጡት ሴሎች በመቶኛ በአንድ ዋጭ ሴል አማካይ ቅንጣት ይባዛል። ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻም ያሳዩ፣ ብዜቱ ብቻውን ብዙ ነገር ይደብቃል።

ፒኤችሮዶ የሚባል ቀለም የተቀባ ባክቴሪያ ይቀላል፣ ግን የሚያበራው አሲድ ውስጥ ሲገባ ነው። ፕሮቲንዎ ከረጢቱን አሲዳማ ማድረግን የሚነካ ከሆነ ዋጡም አልዋጡም ጨለማ ይሆናል። ሴሉ ፊክስ ከተደረገ በኋላ የአሲድ ልዩነቱ ስለሚጠፋ በሕይወት እያሉ ያንሡት።

ጂኑን ሳጠፋ የሄሞሳይት ቁጥር በእጥፍ ጨመረ። ተራብተዋል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። በእጭ ውስጥ ብዙዎቹ ሄሞሳይቶች በደም አይዞሩም፤ ከቆዳው ሥር በየክፍሉ በተርታ ተጣብቀው ይቀመጣሉ። ኢተር ሲጠፋ ይህ መጣበቅ ይፈርስና ሴሎቹ ወደ ደም ይወጣሉ፤ ደም ብቻ አፍስሶ የሚቆጥር ሰው ጭማሪ ያያል። የሚዞሩትንና የተጣበቁትን ለየብቻ ይቁጠሩ። መጀመሪያ እጩን ሳያናውጡ ቀድደው የፈሰሰውን ይሰብስቡ፤ ለጠቅላላው ቁጥር ሌሎች እጮችን ከመቅደድዎ በፊት ከመስታወት ዶቃ ጋር ለ2 ደቂቃ ቮርቴክስ ያድርጉ። ሳይከፍቱ ማየት ከፈለጉ ሄሞሳይቱ በጂኤፍፒ (አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጥ ፕሮቲን) የሚያበራ እጭ ከጀርባው ይታያል፤ ተርታው መኖሩና መበተኑ በአንድ እይታ ይለያል።

ለክሪስታል ሴል እጩን በ60 ዲግሪ ውኃ 10 ደቂቃ ያሙቁ፤ በቆዳው ሥር ጥቁር ነጥብ ሆነው ይወጣሉ።

ፒ1 አንቲቦዲ ምንም አልቀለመልኝም። ፕላዝማቶሳይት የለም ማለት ነው?

ፒ1 የሚይዘው ኒምሲ1ን ነው። በቤተ ሙከራ የሚዞሩ አንዳንድ የዝንብ መስመሮች ኒምሲ1 በሚውቴሽን ጠፍቶባቸዋል፤ ዘመን ያስቆጠሩ ትራንስጂን መስመሮችም ውስጥ ይህ ተገኝቷል። ፕላዝማቶሳይቱ አለ፣ አንቲቦዲው የሚይዘው ነገር ነው የሌለው። አብዛኞቹን ሄሞሳይቶች በሚይዘው የሄሜስ አንቲቦዲ ያረጋግጡ። ለላሜሎሳይት ኤል1፣ ማለትም አቲላ፣ ይጠቅማል።

ፕሮቲኔ በእርግጥ ሽፋኑ ላይ መድረሱን በምን አውቃለሁ?

ሳሙና ነክ ነገር ሳይነካቸው ሕያው ሴሎችን በበረዶ ላይ በአንቲቦዲ ያቆዩ፤ በቤት ሙቀት ካደረጉት ሴሉ አንቲቦዲውን ከነፕሮቲኑ ይውጠዋል። አንቲቦዲው የውጭውን ክፍል የሚይዝ መሆን አለበት። በትይዩ የሴሉን ውስጥ የሚያሳይ ማነጻጸሪያ፣ ለምሳሌ ቱቡሊን፣ ይሞክሩ፤ እሱ ከቀለመ ሴሎቹ ተበስተዋል።

ጂኤፍፒ ሲያስገቡ ቦታውን ያስቡበት። ጂፒአይ በሚባል ስብ ነክ መልሕቅ ሽፋኑ ላይ የሚያያዝ ፕሮቲን መጨረሻው ተቆርጦ ስለሚወገድ እዚያ የተለጠፈ ጂኤፍፒ አብሮ ይጠፋል፤ ከመነሻው ምልክት ክፍል በኋላ ያስገቡት። ጂኤፍፒ በአሲድ ይደበዝዛል፣ ቀይ የሚያበራው ኤምቼሪ ግን ይቆያል። ሁለቱም ያለበት ፕሮቲን ቀይ ብቻ ሆኖ ከታየ ሽፋኑ ላይ ሳይሆን ላይሶሶም ውስጥ ነው። ዌስተርን ብሎት ላይ ሽፋኑን ደጋግሞ የሚሻገር ፕሮቲን 95 ዲግሪ ካፈሉት ይጓጉልና ከጄሉ አናት ላይ ይቀራል፤ በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያሙቁት።

ለጅምር ኤስ2 ሴሎች ይበቃሉ?

ብዙ ጂን ለማጣራት አዎ። ከመፈልፈላቸው ጥቂት ሰዓት በፊት ካሉ ሽሎች በ1972 የተገኙ፣ በ25 ዲግሪ ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያድጉና የሚውጡ ሴሎች ናቸው። ሴረም በሌለው 1 ሚሊ ሊትር ሚዲየም ውስጥ 1 ሚሊዮን ሴል ላይ 15 ማይክሮ ግራም ድርብ ክር አርኤንኤ ይጨምሩ፤ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በኋላ ሴረም ያለበትን ሚዲየም ይጨምሩና ከ3 እስከ 4 ቀን ይጠብቁ። ወጥመዱ እዚህ አለ፤ አርኤንኤው ራሱ ወደ ሴሉ የሚገባው ኤስአር-ሲአይ በሚባለው ተቀባይና በኢተር በኩል ነው። ኢተርን ቀድመው ካጠፉ በኋላ ሁለተኛ ጂን ለማጥፋት የሚያስገቡት አርኤንኤ በደንብ አይገባም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያስገቡ። ስደትና በቆዳ ሥር መጣበቅ ግን በኤስ2 አይጠናም።

ውጤቱ ለሰው ይሠራል?

በከፊል። የድሬፐር ዘመድ በሰው ሜግፍ10 ነው፤ የክሮክሞር ሲዲ36፣ የሚነርቫ ኤምኤፍኤስዲ1። ኢተር ግን ግልጽ አቻ የለውም፤ ኢተርን ይዞ ስለ ሰው ማክሮፋጅ መደምደም አይቻልም።

ሁለት አርኤንኤአይ መስመሮች የተለያየ ውጤት ሰጡኝ፤ የትኛውን ልመን?

መጀመሪያ የጂኑን መጠን ከተለዩ ሄሞሳይቶች በአርቲ-ኪውፒሲአር (የአርኤንኤ መጠን መለኪያ ዘዴ) ይለኩ፤ ከሙሉ እጭ የተወሰደ አርኤንኤ በሌሎች ሕብረ ሕዋሳት ይሸፈናል። የቪየናው የዝንብ መስመሮች ማዕከል ኬኬ የሚባለው መስመር ከሆነ 40ዲ በሚባለው ቦታ ላይ ያልተፈለገ ማስገቢያ እንዳለው በፒሲአር ይፈትሹ፤ እሱ ለብቻው የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። ቀጥሎ የጂኑን የተለያዩ ክፍሎች የሚነኩ ሁለት መስመሮች ይምረጡ፣ ከተቻለም ሙሉ ሚውቴሽን ይጨምሩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፕሮቲኑን በሄሞሳይት ብቻ መልሶ ጉድለቱ መስተካከሉን ማየት ነው። አርኤንኤአዩ የሚመለሰውን ቅጂ እንዳያጠፋው የፕሮቲኑን አሚኖ አሲዶች ሳይቀይሩ ኮዶኖቹን (የጂኑን ሦስት ሦስት ፊደላት) ይቀይሩ። አንድ ሙሉ ቅጂ፣ አንድ ደግሞ የውስጥ ጭራው የተቆረጠ ይመልሱ፤ ጭራ የሌለው የሚያስተካክል ከሆነ ፕሮቲኑ የሚሠራው በመያዝ ነው፤ የማያስተካክል ከሆነ መልእክት ያስተላልፋል። ድሬፐር ላይ ደግሞ ቅጂውን በስሙ ይምረጡ፦ ድሬፐር-1 የሚያነቃ ጭራ ሲኖረው ድሬፐር-2 በአዋቂ ዝንብ ግሊያ ላይ እንደታየው የሚያግድ ነው። የተሳሳተውን መልሰው «አልተስተካከለም» ብለው የሚዘግቡ ጥቂት አይደሉም።